ከፐርሴፖሊስ እስከ ሱሳ፦ የጥንቷን ፋርስ ከተሞች ለመጎብኘት ዝርዝር መመሪያ

መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሰው የጥንቷን ፋርስ ካርታ በከፊል ያውቀዋል። አስቴር የነገሠችበት፣ ነህምያ ለንጉሡ ጠጅ አሳላፊ የነበረበት፣ ዳንኤል ራእይ ያየበት ሱሳ ግንብ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢራን ሹሽ የምትባል ሞቃት ከተማ አጠገብ ፍርስራሹ ይታያል። መጽሐፈ ዕዝራ የቂሮስ ትእዛዝ የተጻፈበት ጥቅልል ተገኘባት የሚላት አሕምታም የዛሬዋ ሀመዳን ናት። ይህ መመሪያ አራት ዋና ዋና ቦታዎችን ይሸፍናል፦ ፐርሴፖሊስን ከነአካባቢው፣ ፓሳርጋድን፣ ሱሳን፣ እንዲሁም ሀመዳንን ከቢሶቱን ጋር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው አንድ ነገር ይታወቅ። ብዙ ጎብኚ ፐርሴፖሊስን፣ ነቅሼ ሮስታምንና ፓሳርጋድን በአንድ ቀን ሮጦ ይጨርስና «ድንጋይ አየሁ» ብሎ ይመለሳል። ቦታዎቹ እንደ ጽሑፍ የሚነበቡ ናቸው፤ ለማንበብ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው የጉዞ እቅድ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው።

አስቀድመው ፓስፖርትዎን ይመልከቱ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። በኢራን የጸጥታ ሁኔታ በአጭር ጊዜ ይለዋወጣል፤ በ2025 ሰኔ ወር የተካሄደው የ12 ቀን ጦርነት የአገሪቱን የአየር ክልል ዘግቶ መንገደኞችን አግቶ ነበር። ስለዚህ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት የያዙት ፓስፖርት አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ያንብቡ። «አትሂዱ» የሚል ከሆነ ጉዞውን ያቆዩት። እንዲህ ባለ ጊዜ አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ አይሠራም፣ ኤምባሲም ሊደርስልዎ አይችልም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የኢራንን የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ማመልከቻ ሞልቶ የፈቃድ ቁጥር ሲደርሰው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢራን ኤምባሲ ቪዛውን ይወስዳል። የአሜሪካ፣ የብሪታንያ ወይም የካናዳ ፓስፖርት ያለው ሰው ግን ብቻውን መዘዋወር አይፈቀድለትም፤ በታወቀ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ከአስጎብኚ ጋር መሄድ አለበት፤ መንገዱም ቀን በቀን አስቀድሞ ተጽፎ ይቀርባል። ዋሽንግተንም ሆነ ቶሮንቶ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህን ካላወቀ ማመልከቻው ለሳምንታት ይንጠለጠላል።

የእስራኤል ፓስፖርት ወደ ኢራን አያስገባም፤ የእስራኤል ሕግም ዜጎቹ ወደዚያ እንዲሄዱ አይፈቅድም። በሌላ ፓስፖርት ላይ እስራኤል መግባትዎን የሚያሳይ ማኅተም ካለም ሊከለከሉ ይችላሉ። ለእነዚህ አንባቢዎች መጨረሻው ላይ ሌላ መንገድ ተቀምጧል።

አውሮፓ ለሚኖሩ ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከማርች 2011 ወዲህ ኢራንን የጎበኘ ሰው፣ አሜሪካ ያለ ቪዛ የምታስገባው አገር ዜጋ ቢሆንም እንኳ፣ ኢስታ የሚባለውን ቀላል ፈቃድ መጠቀም አይችልም። ዘመድ ለመጠየቅ አሜሪካ መሄድ ሲፈልግ መደበኛውን ቪዛ በቀጠሮና በቃለ መጠይቅ ማውጣት ይኖርበታል። ኢራን ፓስፖርት ላይ ማኅተም መምታት መተዋ ይህን አይለውጠውም፤ ጥያቄው ሲቀርብ እውነቱን መናገር ግዴታ ነው።

መቼ ይሂዱ

ችግሩ ቦታዎቹ በአየር ጠባይ መለያየታቸው ነው። ሀመዳን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በክረምቷ (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) በረዶ ይወርድባታል። ሱሳ ያለችበት የኹዜስታን ሜዳ ደግሞ በበጋው (ከጁን እስከ ኦገስት) ከ45 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በጁላይ እኩለ ቀን ፍርስራሹ ላይ መቆም አደገኛ ነው። አራቱንም በአንድ ጉዞ ለማየት የሚመቹት ሁለት ጊዜያት ብቻ ናቸው፦ አፕሪል ወር፣ ማለትም ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ፤ እና ከኦክቶበር ማለቂያ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ፣ ማለትም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ።

ሁለት ጊዜያትን ይሽሹ። አንደኛው የኢራን አዲስ ዓመት ኖውሩዝ ነው፤ መጋቢት 11 ወይም 12 ገደማ ይገባል፣ በዓሉ 13 ቀን ይቆያል። አገሩ ሁሉ በመንገድ ላይ ስለሚሆን ሆቴል አይገኝም፤ በፐርሴፖሊስ ደረጃ ላይም ቆሞ ምስል ማየት አይቻልም። ሁለተኛው ኦክቶበር 29 ነው። ብዙ ኢራናውያን ይህን ቀን የቂሮስ ቀን ብለው ያስባሉ፤ ባለሥልጣናቱ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ በዚያ ሰሞን ወደ ፓሳርጋድ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋሉ። ፓሳርጋድን ከዚህ ቀን ቢያንስ በሦስት ቀን ያርቁት።

ገንዘብ፣ ሰዓት፣ ልብስ፣ ምግብ

ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ በኢራን አይሠራም፤ ገንዘብ ማውጫ ማሽኑም ለውጭ ካርድ አይከፍትም። የጉዞውን ሙሉ ወጪ በጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ ይዘው ይግቡ። ኖቶቹ አዲስ፣ ያልታጠፉና ያልተጻፈባቸው ይሁኑ፤ አሮጌ ዶላር መንዛሪው ይመልሳል ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ይወስዳል። ባሰቡት በጀት ላይ ሩቡን መጠባበቂያ ይጨምሩ፤ ቢያልቅብዎ ከውጭ የሚልክልዎ ባንክ የለምና።

ጽሑፉ ላይ ያለው ገንዘብ ሪያል ነው፤ ሰው የሚናገረው ግን በቶማን ነው። 10 ሪያል አንድ ቶማን ነው። «50 ሺህ» ሲባሉ ከመክፈልዎ በፊት «ቶማን?» ብለው ይጠይቁ። አሥር እጥፍ የሚከፍሉት በዚህ የሚሳሳቱ ናቸው። ዓረብ አገር ሠርተው የዓረብኛ ቁጥር የለመዱ ሰዎችም ይጠንቀቁ፦ 4፣ 5 እና 6 በፋርስ አጻጻፍ ከዓረብኛው ይለያሉ።

ባለ ታክሲ ወይም ባለ ሱቅ «ቃቤል ናዳሬ» ብሎ ገንዘብዎን እምቢ ሊል ይችላል። ይህ ታዕሮፍ የሚባል የአክብሮት ልማድ ነው፤ «ለእርስዎ የሚመጥን አይደለም» እንደማለት። እኛ «በሞቴ» ስንባባል እንደምንግደረደረው ሁሉ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቀው ይስጡ፤ ይቀበላል። ዝም ብለው ከወረዱ ግን አላግባብ ሄደዋል።

የኢራን ሰዓት ከኢትዮጵያ 30 ደቂቃ ይቀድማል። ቆጠራቸው ግን ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ሾፌር «በ7 እመጣለሁ» ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ሲይዙ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን አስጨምረው በወረቀት ያስጽፉ።

ሴቶች ፀጉር የሚሸፍን ሻርፕ፣ እጅጌው ረዘም ያለና እስከ ጭን የሚደርስ ሰፊ ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ ወይም ቀሚስ ያስፈልጋቸዋል። ነጠላ በትክክል ይሠራል፤ ቀላል ስለሆነ ለሱሳ ሙቀት ከፖሊስተር ሻርፕ ይሻላል። ወንዶች ቁምጣ አይለብሱም። ጫማ የተወለወለ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ይሁን።

ለጾመኛ አንድ ማስታወሻ፦ ከሥጋ ነፃ የሚመስለው ምግብ ሁሉ የጾም አይደለም። የበደንጃን ወጡና የአታክልት ሾርባው፣ ማለትም አሼ ሬሽቴ፣ ላያቸው ላይ ከሽክ የሚባል የወተት ተዋጽኦ ይፈስባቸዋል፤ ኩኩ ደግሞ በእንቁላል ነው የሚሠራው። «ቤዱኔ ከሽክ፣ ቤዱኔ ጉሽት» ማለት «ያለ ከሽክ፣ ያለ ሥጋ» ማለት ነው። አደስ ፖሎ የሚባለው ምስር ያለበት ሩዝ ብዙ ጊዜ ይመቻል፤ ቅቤ እንዳይጨመርበት ግን አስቀድመው ይናገሩ።

የመንገዱ ቅደም ተከተል

ከ9 እስከ 10 ቀን ይመድቡ። ቴህራን ሲገቡ የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ለብሔራዊ ሙዚየሙ ይስጡ። ሰው ብዙ ጊዜ ለመመለሻ ያቆየዋል፤ ስህተት ነው። ከፐርሴፖሊስ ግምጃ ቤት የተወሰደውን የንጉሡን ግብዣ ምስል እና በ1972 ሱሳ የተገኘውን ራስ አልባ የንጉሥ ዳርዮስ ሐውልት አስቀድሞ ያየ ሰው በቦታው ላይ ባዶውን ግድግዳ በአእምሮው ይሞላዋል። ሐውልቱ በግብፅ የተሠራ ነው፤ መቆሚያው ላይ በግብፅ ጥንታዊ ጽሕፈት የተገዢ ሕዝቦች ስም ተዘርዝሯል፣ ኩሽም አለችበት።

ከዚያ ወደ ሺራዝ በአውሮፕላን ይሂዱ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሺራዝ ሦስት ሌሊት ይደሩ። ከሺራዝ ወደ አህቫዝ በአውሮፕላን ወይም በመኪና ይሻገራሉ። በመኪና ከሆነ ካዜሩን አጠገብ ቢሻፑር ላይ ይውረዱ፦ ከዳርዮስ ዘመን ብዙ ቆይቶ ፋርስን የገዛው የሳሳናውያን ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሻፑር ቀዳማዊ የሠራት ከተማ ናት፣ ከጎኗ ባለው ሸለቆ ግድግዳ ላይም የድል ምስሎቹ አሉ። ሁለት ሌሊት ሹሽ ወይም ዴዝፉል፣ ሁለት ሌሊት ሀመዳን፣ ከዚያ ቴህራን። ከሹሽ ወደ ከርማንሻህና ሀመዳን ያለው ተራራማ መንገድ ሙሉ ቀን ይበላል፤ በዚያ ቀን በመንገዱ ላይ ካለው ከቢሶቱን በቀር ሌላ ነገር አያቅዱ።

የስም ጉዳይ፦ «ፐርሴፖሊስ» ብለው የሺራዝን ሾፌር ግራ አያጋቡት። የአገሬው ስም ተኽተ ጀምሺድ ነው፣ «የጀምሺድ ዙፋን» ማለት ነው። ሱሳ «ሹሽ» ትባላለች፤ ቴህራን ውስጥ ግን ሹሽ አደባባይ የሚባል ሰፈር ስላለ «ሹሽ፣ ኹዜስታን» ይበሉ። ከሹሽ ብዙ የማትርቀው ሹሽታር ደግሞ ሌላ ከተማ ናት፤ ትኬት ሲቆርጡ ፊደሉን ያስነብቡ።

ፐርሴፖሊስ፦ ግማሽ ቀን፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ከሺራዝ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በር ሲከፈት መድረስ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዋናው ምስል ወደ ምሥራቅ የሚያይ በመሆኑ የጠዋት ብርሃን ያስፈልገዋል፤ አስጎብኚ አውቶቡሶችም ቆይተው ይደርሳሉ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ባርኔጣ፣ የርቀት መነጽር። ጥላ የለም ማለት ይቻላል።

ዳርዮስ ቀዳማዊ ሥራውን ያስጀመረው በ518 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው፤ እስክንድር በ330 ቅ.ል.ክ. አቃጠለው። ቤተ መንግሥቱ የቆመው ከተራራው ሥር በተደለደለ 450 በ300 ሜትር ገደማ መደብ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወደ መደቡ የሚያወጣውን መንታ ደረጃ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ወገን 111 ደረጃ አለው፤ የእያንዳንዱ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ረጅም ልብስ የለበሰ መኳንንት ሳይጎነበስና ሳይቸኩል፣ ክብሩን ጠብቆ እንዲወጣ የታሰበ እንደሆነ ይነገራል። ድንጋዩ እንዳያልቅ በእንጨት ተሸፍኗል፤ ከእንጨቱ አይውረዱ።

ከላይ የሚቀበልዎ የዳርዮስ ልጅ ዜርክሲስ ያሠራው የሕዝቦች ሁሉ በር ነው። በጥንታዊ ፋርስ፣ በኤላምና በባቢሎን ቋንቋዎች የተጻፈውን ጽሑፍ ከግዙፎቹ ክንፋም ኮርማዎች በላይ ይፈልጉ። ግድግዳው ላይ ያለፉ ተጓዦች የቀረጹት ስምም ሞልቷል። ከመካከላቸው «ስታንሊ፣ ኒውዮርክ ሄራልድ፣ 1870» የሚለው አለ። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የእንግሊዝን የመቅደላ ዘመቻ ለዚያው ጋዜጣ የዘገበው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነው። ዛሬ እንዲህ መቅረጽ ወንጀል ነው።

ከበሩ ወጥተው ወደ ቀኝ፣ ወደ አፓዳናው ምሥራቃዊ ደረጃ በቀጥታ ይሂዱ። በመንገድ ላይ ላለው ፍርስራሽ ሁሉ አይቁሙ፤ በኋላ ይመለሱበታል። አፓዳና የንጉሡ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ነው፦ 72 ዓምዶች ነበሩት፣ ቁመታቸው 20 ሜትር ገደማ፤ ዛሬ የቆሙት 13 ናቸው። ምሥራቃዊው ደረጃ እስከ 1930ዎቹ ቁፋሮ ድረስ በአፈር ተሸፍኖ ስለቆየ ምስሉ ከሰሜናዊው ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል። አሁን በላዩ ጣሪያ ተሠርቶለታል።

እንዴት ያነቡታል? ፊትዎን ወደ ደረጃው አድርገው ይቁሙ። በስተቀኝ ያለው ክንፍ ዘበኞችንና መኳንንትን ያሳያል፤ አለፍ ይበሉት። በስተግራ ያለው በሦስት ረድፍ 23 የሕዝብ ልዑካን ገጸ በረከት ይዘው ወደ ንጉሡ ሲሄዱ ነው። ሁለት ቁልፎች ይያዙ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ቡድን ከሌላው የሚለየው የፈረንጅ ጥድ ዛፍ ነው፤ ከዛፍ እስከ ዛፍ አንድ ሕዝብ ነው። ሁለተኛ፣ በየቡድኑ ፊት ዱላ የያዘ አጋፋሪ አለ፣ የመጀመሪያውን ልዑክ እጁን ይዞ ያስገባዋል። ከዚያ እንስሳውን ይዩ፦ ኤላማውያን እናት አንበሳ ከነደቦሎቿ፣ ባቢሎናውያን ሻኛ ያለው ኮርማ፣ ባክትርያውያን ባለ ሁለት ሻኛ ግመል፣ ልድያውያን ሠረገላ። ሊለያቸው የሚፈልግ ሰው ጫማውንና ቆቡንም ያስተያይ፤ ቀራጮቹ ለዚህ ዝርዝር የሰጡት ጥንቃቄ የሚያስደንቅ ነው።

ወደ ግራው መጨረሻ እስኪደርሱ አያቁሙ። ደረጃው ወደ ታች በሚያዘቀዝቅበት ጠባብ ጫፍ ላይ 23ኛው ቡድን አለ፦ ፀጉራቸው ጥቅልል ያለ ሦስት ሰዎች። አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ይዟል፣ ሌላው የዝሆን ጥርስ ተሸክሟል፣ ሦስተኛው አንድ እንስሳ ይስባል፤ ኦካፒ ነው የሚሉም ቀጭኔ ነው የሚሉም አሉ። እነዚህ የኩሽ ሰዎች ናቸው፣ ግሪኮች «ኢትዮጵያውያን» የሚሏቸው። በዚያ ዘመን ኩሽ በዋናነት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የናይል አገር፣ የዛሬውን ሰሜን ሱዳን፣ ያመለክት ስለነበር ከአክሱም ጋር አያምታቱት። ሆኖም መጽሐፈ አስቴር «ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ» ሲል የሚናገረው ስለዚህ ግዛት ነው፤ እዚህ ድንጋይ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር ፊት አለው። ምስሉ ትንሽና ዝቅ ያለ ስለሆነ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ በራስዎ ይፈልጉት።

ከዚያ ወደ ደቡብ፦ ትንሹ የዳርዮስ ቤተ መንግሥት ታቻራ፣ ድንጋዩ እንደ መስታወት የተወለወለ፤ ቀጥሎ የዜርክሲስ ሀዲሽ፤ ቀጥሎ ሙዚየም የሆነው ሕንፃ፣ እሱም በሙቀት ማረፊያ ይሆናል። የግምጃ ቤቱን ቦታ አቋርጠው ወደ ተራራው ይውጡ። መቃብሮቹ የአርጤክስስ ካልዕና የአርጤክስስ ሣልስ ናቸው፤ ከዚያ ላይ ሆነው መደቡ በሙሉ እንደ ፕላን ይታያል፣ ያዩትን ሁሉ የሚያያይዙትም እዚያ ነው። ሲወርዱ ወደ መቶ ዓምድ አዳራሽ ይግቡና በሰሜን በኩል ባለው ያልተጠናቀቀ በር ይጨርሱ። ያልተጠናቀቀው በር የሚናቅ አይደለም፦ ዓምዱ በከፊል ተጠርቦ ስለቀረ ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።

ስም ላይ ይጠንቀቁ። በቆየው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የነህምያም የአስቴርም ንጉሥ «አርጤክስስ» ተብሏል። ብዙ ሊቃውንት ግን የአስቴር ንጉሥ ዜርክሲስ ነው ይላሉ፤ የነህምያው አርጤክስስ ቀዳማዊ ልጁ ነው። ሁለቱን ካላለያዩ የሕንፃዎቹ ቅደም ተከተል ይዘባረቅብዎታል።

ከመውጫው ውጭ በዛፎቹ መካከል የብረት አጽሞች ያያሉ። በ1971 ሻህ መሐመድ ሬዛ የፋርስን መንግሥት 2,500ኛ ዓመት ሲያከብሩ ለእንግዶች የተተከሉ ድንኳኖች ናቸው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከተጋባዦቹ መካከል ነበሩ።

ነቅሼ ሮስታም እና ፓሳርጋድ

ነቅሼ ሮስታም ከፐርሴፖሊስ በመኪና 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ይሂዱ። በገደሉ ላይ አራት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መቃብሮች አሉ። በጽሑፍ የተረጋገጠው የዳርዮስ ቀዳማዊ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የዜርክሲስ፣ የአርጤክስስ ቀዳማዊና የዳርዮስ ካልዕ እንደሆኑ ይታሰባል። መውጣት አይቻልም፤ የርቀት መነጽሩ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የዳርዮስን ዙፋን ከሥር ሆነው በእጃቸው የተሸከሙትን 30 ሰዎች ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ የአንድ ሕዝብ ወኪል ነው፣ ኩሻዊውም ከመካከላቸው ነው።

ከመቃብሮቹ በታች ያሉት ምስሎች ከ600 ዓመት በላይ ዘግይተው በሳሳናውያን የተቀረጹ ናቸው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱን ዘመን አንድ ያደርጋል። ትልቁ ሻፑር ቀዳማዊ በፈረስ ላይ ሆኖ ሮማውያንን ሲያዋርድ ነው፦ የተንበረከከው የሮም ንጉሠ ነገሥት ፊልጶስ ዓረባዊ፣ ሻፑር እጁን የያዘው ደግሞ በ260 ዓ.ም. የተማረከው ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያን እንደሆኑ ይታመናል።

ለፓሳርጋድ ሌላ ቀን ይስጡ። ከሺራዝ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በፐርሴፖሊስ ቀን ላይ ከጨመሩት እዚያ የሚደርሱት ፀሐይ ሲበረታና እግርዎ ሲዝል ነው። የቂሮስ መቃብር ከስድስት እርከን በላይ የቆመ ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጠቅላላ ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ። ከሩቅ ትንሽ ይመስላል፣ ሰውም ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ድንጋዮቹ ያለ ሲሚንቶ እንዴት እንደተገጣጠሙ ዙሪያውን ዞረው ይዩ። ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ወደሚገኙት ቤተ መንግሥቶች ይሂዱ፦ በበሩ ላይ ያለው ባለ አራት ክንፍ ሰው፣ ከዚያም በድንጋይ ቦይ የተከፈለው የአትክልት ስፍራ። ሜዳው ነፋሻማ ነው፤ በአፕሪል ጠዋት ጃኬት ያስፈልጋል።

ሱሳ፦ የቆመ ዓምድ አይፈልጉ

እዚህ ብዙ ሰው ያዝናል። ፐርሴፖሊስ የድንጋይ ነው፣ ሱሳ ግን በአብዛኛው የጭቃ ጡብ ስለነበረች ዝናብ በልቷታል። የዳርዮስ አፓዳና 36 ዓምዶች የነበሩበት መሐል አዳራሽ ዛሬ የዓምድ እግሮችና የተሰበረ የፈረስ ወይም የኮርማ ራስ ብቻ ነው። ስለዚህ የሕንፃውን ፕላን በስልክዎ ይዘው ይሂዱ፤ ሲም ካርድ ቢኖርዎም ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ አስቀድመው ያውርዱት።

እዚያ ቆመው የሚያስታውሱት ጽሑፍ አለ። ዳርዮስ ይህን ቤተ መንግሥት ሲሠራ ዕቃው ከየት እንደመጣ በሸክላ ላይ አስጽፏል፦ ዝግባው ከሊባኖስ፣ ወርቁ ከሰርዴስና ከባክትርያ፣ የዝሆን ጥርሱ ከኩሽ፣ ከሕንድና ከአራኮስያ። ፐርሴፖሊስ ላይ ጥርስ ተሸክሞ ያዩት ሰው ጉዞውን የጨረሰው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ ጠዋት ገና ሳይሞቅ ፍርስራሹ፤ ከዚያ በኮረብታው ላይ ያለው፣ የፈረንሳይ ቁፋሮ ቡድን በ1890ዎቹ መጨረሻ የሠራው ምሽግ መሳይ ቤትና አጠገቡ ያለው ሙዚየም፤ በሙቀቱ ሰዓት እረፍት፤ አመሻሽ ላይ ሾጣጣ ነጭ ጉልላት ያለው የነቢዩ ዳንኤል መቃብር። መቃብሩ ሙስሊሞች የሚሳለሙበት የጸሎት ቤት ስለሆነ ጫማ ይወልቃል፤ ወንድና ሴት በተለያየ በር ይገባሉ፤ ለሴቶች ቻዶር በር ላይ ይሰጣል። ክርስቲያን መሆንዎ አያስከለክልዎትም፤ ሲጸልይ ያለን ሰው ግን ፎቶ አያንሱ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ጮጋ ዛንቢል ይሂዱ፤ ከሹሽ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፋርሶች ቀድሞ የኤላም ንጉሥ ኡንታሽ ናፒሪሻ በ1250 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያሠራው እርከን ያለው ቤተ መቅደስ ነው። በጡቦቹ መካከል የተጻፈበትን ረድፍ ይፈልጉ፤ በየአሥረኛው ረድፍ ገደማ ይገኛል። ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ነድተው ሹሽታር ሲደርሱ ወንዙን በዋሻ ከፋፍሎ ወፍጮ የሚያዞረውን ጥንታዊ የውሃ ሥራ ያያሉ።

ሀመዳን እና ቢሶቱን

በሀመዳን መካከል የአስቴርና የመርዶክዮስ መቃብር አለ፤ የኢራን አይሁድ ማኅበረሰብ የሚጠብቀው ነው። በሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ስለሆነ ደወል ይደውሉና ይጠብቁ፤ መግቢያው ዝቅ ያለ የድንጋይ በር ነው፣ ጎንበስ ብለው ይገባሉ። የጥንቷ አሕምታ ፍርስራሽ ያለበት የሀግማታኔ ኮረብታ በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከከተማው ወጣ ብሎ በአልቫንድ ተራራ ሥር የዳርዮስና የዜርክሲስ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ ጋንጅናሜ ይባላል።

ቢሶቱን ከከርማንሻህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሹሽ ሲመጡ በመንገድዎ ላይ ነው። ዳርዮስ ዙፋኑን እንዴት እንደያዘ በሦስት ቋንቋ ያስጻፈበት ይህ ገደል የጥንታዊ ፋርስን ጽሕፈት ለመፍታት ቁልፍ ሆኗል። ከመሬት እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ያለ ርቀት መነጽር የሚታየው ቡናማ ጥላ ብቻ ነው። አቅርቦ የሚያነሣ ሌንስ የሌለው ስልክ ይዞ የሚሄድ ሰው ምንም ይዞ አይመለስም።

ሕግና ፎቶ

ድሮን ይዘው አይግቡ። ወታደር፣ ፖሊስ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ድልድይና ማንኛውም አጥር ያለው መሥሪያ ቤት አይነሣም። ሱሳ ላይ በእግርዎ ሥር የሸክላ ስባሪ ይንኮሻኮሻል፤ አንዷንም ኪስዎ ውስጥ አያስገቡ፣ ሻንጣዎ ውስጥ ከተገኘች ክሱ የቅርስ ዝርፊያ ነው። ሻጭ «ጥንታዊ ሳንቲም» ቢያቀርብልዎም አይንኩት።

መሄድ ለማይችሉ

ፓስፖርታቸው የማያስገባቸውና ጊዜው ያልፈቀደላቸው ሰዎች ብዙውን ነገር በሌላ ቦታ ያገኙታል። ፓሪስ፣ ሉቭር ውስጥ ከሱሳ የተወሰዱት ባለ ቀለም ጡብ ቀስተኞችና የአፓዳናው ግዙፍ ባለ ኮርማ የዓምድ ራስ አሉ፤ በ1901 ሱሳ ላይ የተገኘው የሐሙራቢ ሕግም እዚያው ነው። ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም የቂሮስን የሸክላ ጥቅል ይዟል፤ ዕዝራን አንብበው ይሂዱ። ቺካጎ፣ በፐርሴፖሊስ ቁፋሮ ያካሄደው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ከመቶ ዓምድ አዳራሽ በር የመጣ የኮርማ ራስ አለው። ሙዚየሞቹ ስብስባቸውን በድረ ገጽ ስለሚያሳዩ ያ ቀን አዳራሹ ክፍት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የሉቭር ክፍሎች በሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ይዘጋሉ።